ለአዳራሹ የድምፅ ዕቃ ግዢ፦ የጋራ ረቂቅ

ፀሐፊ፦
የተባባልነውን ጽፌዋለሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ይሄ ነው። ደብረ ማርቆስ ላለው አዳራሻችን አንድ የሆም ቲያትር ሪሲቨር፣ አምስት ስፒከር፣ አንድ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር)። ሪሲቨር ስንል የዲሹን አይደለም፣ ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ነው። ቅዳሜ ማታ ፊልምና ኳስ በትኬት እናሳያለን፣ በገቢው ጣሪያው ይታደሳል። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ጠጋኙ፦
ሞዴሉን ጻፉበት። አለዚያ ግዢ ኮሚቴው ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ያማሃ አርኤክስ ቪ385 ይበቃናል። ባለ 5.1 ነው፣ ማለት ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር፤ አራት የኤችዲኤምአይ (የምስልና የድምፅ ኬብል) መግቢያ አለው። መለኪያ ማይክም አብሮት ይመጣል። መቀመጫው ላይ ታደርገዋለህ፣ የየስፒከሩን ርቀትና የድምፅ መጠን ማሽኑ ራሱ ያስተካክላል።

የአዲስ አበባው፦
ሶኒ ዲኤች590 በየቻናሉ (በየስፒከሩ መስመር) 145 ዋት ይላል። ያማሃው 70። በማኅበር ገንዘብ ግማሽ ጉልበት ልንገዛ?

ጠጋኙ፦
ካርቶን አንብበህ አትከራከረኝ፣ ሁለቱ የተለኩት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። 145ቱ አንድ ቻናል ብቻውን ሲሠራ፣ በ6 ኦም ስፒከር (ኦም የስፒከሩ መቋቋም ነው)፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ብቻ የተለካ ነው። 70ው ሁለት ቻናል አንድ ላይ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ነው። አምስቱም ሲጮሁ ሁለቱም ከጻፉት ይወርዳሉ። ደግሞ ዋቱ እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፣ ለጆሮ ትንሽ ነው። ይልቅ ገንዘቡን መሃል ስፒከሩ ላይ አውሉት። ንግግር የሚወጣው በእሱ ነው። እሱ ከደከመ ተመልካቹ ተኩሱን ሰምቶ ሰዎቹ ምን እንዳሉ ሳይገባው ይወጣል።

ገንዘብ ያዥ፦
አሜሪካ ያለችው አባላችን ያገለገለ እልካለሁ ብላ የለም እንዴ? ነፃ እያለ ግዢ ምን ያደርጋል?

ጠጋኙ፦
የዚያኛው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ እትዬ። እኛ ጋ 220 ነው። ሳያዩ የሰኩት ቀን ይጨሳል።

የአዲስ አበባው፦
እሺ በቃ። ነገ መርካቶ ወርጄ የሁለቱንም ዋጋ እልካለሁ።

የአዳራሽ ኃላፊ፦
የጎኖቹ ስፒከሮች የት ይሰቀላሉ? ግድግዳ የሚበሳው እኔ ነኝ።

ጠጋኙ፦
ከተቀማጩ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ከፊት ከቆጠርነው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ። የግራው ከመስኮቱ አጠገብ ይሆናል። የቀኙ የበላይ ዘለቀ ፎቶ ያለበት ላይ።

የቢቸናው፦
ምን አልክ? በላይን አውርደህ ስፒከር?

ጠጋኙ፦
አንድ ሜትር ወደ በሩ ይጠጋል እንጂ አይጣልም።

የቢቸናው፦
በር ላይ ዘበኛ ነው የሚቆም። በ1937 አንዴ ሰቀሉት። አሁን ደግሞ እናንተ ልታወርዱት? እኔ መዋጮዬን ለዚህ አልሰጠሁም።

የቡሬው፦
ለነገሩ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትስ? መናገሻው እዚሁ ሆኖ ፎቶው መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ስለ እሱ የጮኸ አላየሁም።

የቢቸናው፦
አንተ ደግሞ ነገር አታጣምም። የጠላት ጥይት የጮኸበት ማን ላይ ነው?

የቡሬው፦
ለበላይ ባህር ዳር አየር ማረፊያው በስሙ ተሰይሞለታል፣ የእኛ ግድግዳ አንድ ሜትር ቢያንሰው አይቀየምም።

የቢቸናው፦
ይሄን አፍህን ሰብስብ!

ገንዘብ ያዥ፦
ኧረ ተዉ። ለመቶ ዓመት የተቀመጠ ግድግዳ አስመሰላችሁት። ፎቶው ከስክሪኑ ከፍ ብሎ መሃል ላይ ይሰቀል፣ ሁሉም ያየዋል።

ጠጋኙ፦
መስታወት አለው፣ እትዬ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ይመታዋል።

የአዳራሽ ኃላፊ፦
መስታወቱን አውጥተን አዲስ ፍሬም እናሠራለታለን። የንጉሡንም አብረን እናሠራ።

የቢቸናው፦
እንደዛ ከሆነ ይሁን። መሃሉ ግን የበላይ ነው።

የቡሬው፦
መሃልማ የንጉሥ ነው። ለመሆኑ ደጃዝማች ከንጉሥ በላይ የሆነው መቼ ነው?

መምህር፦
ልጆች፣ ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። አሁን ወደ ገንዘቡ። ባለፈው ስብሰባ ከኋላ የተቀመጡ እናቶች ምንም አልሰሙም፤ እኔም እየጮኽኩ ድምፄ ተዘጋ። ይሄ ሪሲቨር የምናወራበት ማይክ ይቀበላል?

ጠጋኙ፦
አይቀበልም። የነገርኳችሁ ማይክ ለመለኪያ ብቻ ነው። ሆም ቲያትር ለሳሎን ነው የተሠራው፣ ጋሼ። ይሄን አዳራሽ የሚሞላ ሰው ሲገባ እስከ መጨረሻ ከፍተን ነው የምንውለው፣ ይሞቃል።

ሰብሳቢ፦
ታዲያ ይሄን መጀመሪያ ለምን አልነገርከንም?

ጠጋኙ፦
ፊልም አላችሁኝ፣ የፊልም ነገርኳችሁ። ስብሰባ መቼ አላችሁ? በቃ፣ እኔ ከዚህ ወጥቻለሁ።

ሰብሳቢ፦
የአዲስ አበባው ዋጋ የት ደረሰ?

ሰብሳቢ፦
የአዲስ አበባው?

ገንዘብ ያዥ፦
ስልኩን አያነሳም። ለሠርግ የምናከራየው ዕቃ ብንገዛ ጣሪያውን ቶሎ እናድስ ነበር። ድንኳን ስናከራይ ሁሉም የሚጠይቀን ማይክና ስፒከር ነው።

የአዳራሽ ኃላፊ፦
እውነቷን ነው። ፊልሙን ሁሉም ስልኩ ላይ ያየዋል።

ጠጋኙ፦
ለኪራይ ከሆነ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ውስጡ ያለ ሁለት ትልልቅ ስፒከርና አነስ ያለ ሚክሰር (የማይኮቹን ድምፅ ማደባለቂያ) ግዙ። ስታንዱን እንዳትረሱ። ሰራውንዱን (ከዙሪያ የሚመጣውን ድምፅ) ግን እርሱት፣ ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚኖራችሁ። ኬብሉን እዘረጋላችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አትደውሉልኝ።

ፀሐፊ፦
የተስተካከለው ረቂቅ፦ ሁለት ስፒከር ከነስታንዱ፣ አንድ ሚክሰር፣ ሁለት ሽቦ አልባ ማይክ፣ ለኪራይና ለስብሰባ። ሁለት ትልልቅ የፎቶ ፍሬም። የሆም ቲያትሩ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይተላለፋል። የጣሪያው አንቀጽ ቦታ ስላነሰኝ ወጥቷል።

መምህር፦
ጣሪያው ለምን ይወጣል? የተነሳንበት እሱ አልነበር?

ሰብሳቢ፦
ጋሼ፣ በቃል እናስረዳለን። ጉባኤው ቅዳሜ ነው፣ ይለፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
ፍሬሙ ደረሰኝ ከሌለው አልከፍልም።

የቢቸናው፦
ፍሬሙን እኔ አሠራለሁ። የንጉሡን ቡሬዎች ያሠሩ።