የናሳ ሸትል ማሰልጠኛ ጄት፦ በ20 ዲግሪ ስወርድ ፍጥነቱ 300 ኖት ላይ አልቆም አለ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ናሳ የሸትል (የጠፈር መንኮራኩር) አብራሪዎችን ማረፍ ያለማመደበትን ጋልፍስትሪም 2 ጄት በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር (የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ) ለመሥራት ከአንድ ተራ የጋልፍስትሪም ሞዴል ተነሥቻለሁ። በ20 ዲግሪ ቁልቁል ስወርድ ፍጥነቱ ከ300 ኖት (በሰዓት ኖቲካል ማይል) አልፎ ይሮጣል። ጎማው በዚያ ፍጥነት አይዘረጋም፣ ሪቨርሱም (የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚመልሰው) አየር ላይ አይከፈትም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1
ከሂሳቡ ጀምር። በ20 ዲግሪ ቁልቁል ፍጥነት እንዳይጨምር ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል የክብደቱን 34 በመቶ መሆን አለበት። 50,000 ፓውንድ ለሚመዝን አውሮፕላን 17,100 ፓውንድ ገደማ ነው። ጋልፍስትሪም ብቻውን ይህን ያህል ድራግ (የአየር መጎተት) የለውም። ናሳ ያገኘው ዋና ጎማዎቹን ዘርግቶ፣ ሞተሮቹን በአየር ላይ ሪቨርስ አስገብቶ፣ ፍላፑም (የክንፉ የኋላ ታጣፊ) ወደ ላይ እንዲታጠፍ አድርጎ ነው። የፊት ጎማው የንፋሱን ጫና ስለማይችል ታጥፎ ይቆያል።

የበረራ ሞዴሉን ፋይል ቅጂ አስቀምጥና መሬት የሚነኩ ነጥቦች የተዘረዘሩበትን ክፍል ክፈት። በየጎማው መስመር መጨረሻ አካባቢ ሁለት የፍጥነት ገደቦች አሉ፤ አንዱ ጎማው እንዳይዘረጋ የሚከለክል፣ ሌላው ጉዳት የሚያስጀምር። ሁለቱንም 350 አድርጋቸው። የዋና ጎማዎቹን የመዘርጊያ ሰከንድ 0 ካደረግህ ሲሙሌተሩ ቋሚ ጎማ ብሎ ይይዛቸዋል፤ እጀታው የፊቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ከሪቨርሱ ጋር አትታገል። ሥራውን ለስፖይለሩ (ክንፉ ላይ ለሚነሣው የአየር ፍሬን) ስጠው፦ የስፖይለሩን የድራግ ኮኤፊሸንት (የመጠን ቁጥር) ከፍ አድርግ፣ ስሮትሉን (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያውን) አይድል፣ ማለትም ዝቅተኛው ኃይል ላይ ተወው፣ ፍጥነቱ 300 ላይ እስኪረጋ በ10 በመቶ እየጨመርህ ሞክር። የሚነበበው ፍጥነት እስካልተለወጠ ድራጉ በየከፍታው ብዙ ስለማይለያይ አንዴ ካገኘኸው እስከ ታች ይሠራል።

መልስ 2
አንድ ነገር ልጨምር፦ የስፖይለሩን የሊፍት (የማንሻ ኃይል) ኮኤፊሸንት 0 አድርገው። አለበለዚያ መሬት አጠገብ ስትዘጋው አውሮፕላኑ ሽቅብ ይዘላል።

የመውረጃ መስመሩን በተመለከተ፣ የምታነጣጥረው መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከጫፉ 7,500 ጫማ ቀድሞ ነው። ፍሎሪዳ ባለው የሸትሉ ማረፊያ በኬኔዲ (ከባሕር ወለል እኩል ስለሆነ አልቲሜትሩን፣ የከፍታ መለኪያውን፣ እንዳለ አንብብ) 10,000 ጫማ ላይ ከጫፉ 5.75 ኖቲካል ማይል፣ 5,000 ጫማ ላይ 3.5 መሆን አለብህ። ቀርበህ ከተገኘህ ከፍ ብለሃል፤ አፍንጫውን ደፍተህ ልታካክስ ብትል ፍጥነቱ ያመልጥሃል። 10,000 ጫማ ላይ የምትወርደው በደቂቃ 12,000 ጫማ ያህል ስለሆነ ለማረም ያለህ ጊዜ በጣም አጭር ነው።

1,700 ጫማ ላይ ቀስ ብለህ ማቃናት ጀምር። 300 ጫማ ስትደርስ ቁልቁለቱ 1.5 ዲግሪ ይሁን። የፊት ጎማውን 150 ጫማ ላይ ዘርጋ፤ ድንገት መሬት ብትነካ መጠባበቂያ ነው።

መልስ 3
መጨረሻው ላይ ጎማው መሬት መንካት የለበትም። የሸትሉ ጎማ መሬት ሲነካ የአብራሪው ዓይን 32 ጫማ ላይ ስለሚሆን፣ ልምምዱ የሚያበቃው ያንተም ዓይን 32 ጫማ ሲደርስ ነው፤ ጄቱ ያኔ ገና 20 ጫማ ያህል ከመሬት በላይ ነው። ከዚያ መጀመሪያ ስፖይለሩን ዝጋ፣ ወዲያው ስሮትሉን ሙሉ ገፍተህ ተነሣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሞተሩ ሙሉ ኃይል እስኪያገኝ ያ ሁሉ ድራግ ፍጥነቱን ስለሚጥለው መንደርደሪያው ላይ ልትቀመጥ ትችላለህ።