መብራት ጠፍቶ ኡቡንቱዬ መሃል መንገድ ላይ ቀረ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ ላይ የነበረው ኡቡንቱ 20.04 (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ነው። መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2025 ስላበቃ ወደ 24.04 ላሻግረው አሰብኩ። በቀጥታ መዝለል ስለማይቻል መጀመሪያ ወደ 22.04 ጀመርኩ። ማውረዱ አለቀ። ፓኬጆቹን (የሲስተሙን ሶፍትዌሮች) እየጫነ ሳለ መብራት ድርግም! ባትሪው ከሞተ ቆይቷል (ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውቃለሁ)።

አሁን ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ስምና ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ያስገባኛል፤ ዴስክቶፕ ግን የለም። በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች ከዚሁ ተርሚናል (ትዕዛዝ ከሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን) ላስጨርስ ወይስ በፍላሽ አስነስቼ ፋይሎቼን ካወጣሁ በኋላ 24.04ን እንደ አዲስ ልጫን? የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያው ውስጥ ነው፤ ባክአፕ የለኝም። ኢንተርኔቴም የስልክ ዳታ ስለሆነ ብዙ ጊጋ የማይበላውን መንገድ ንገሩኝ እባካችሁ።