በማንዶሊን ስንቆርጥ ጣታችንን እንዴት እንጠብቅ?

ጠያቂዋ (ባሕር ዳር)፦ ለጾም ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ለመቁረጥ ብዬ ማንዶሊን የሚባለውን ባለ ምላጭ መክተፊያ ገዝቼ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ካሮቱ እያጠረ ሲሄድ የአውራ ጣቴን ጫፍ ቆረጠኝ። ከገበያ ያመጣሁት ማንጎም ተጨፈላለቀብኝ። ስሕተቴ ምን ላይ ነው?

መላሽ 1፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ምላጩ ባለበት ቆሞ የሚንቀሳቀሰው እጅዎ ስለሆነ፣ አትክልቱ ባጠረ ቁጥር ጣትዎ ወደ ስለቱ ይቀርባል፤ ስለዚህ ከማንዶሊኑ ጋር የሚመጣውን የአትክልት መያዣ ከመጀመሪያው ጀምረው ይጠቀሙ፤ የተረፈችውን ቁራጭ በቢላዋ ይጨርሷት። እኔ ማንዶሊኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ ድንቡልቡሉን ድንችም አስቀድሜ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ አደርገዋለሁ።

መላሽ 2፦ ማንጎው በስሎ ለስልሶ ስለነበር ነው፤ እንዲህ ያለው ፍሬ ለቢላዋ ይተው። ገና ያልበሰለውና ጠንካራው ግን ተልጦ፣ መሃሉ ላይ እስካለው ዘር ድረስ ጥሩ ሆኖ ይቆረጣል። ለድንች ጥብስ ውፍረቱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያድርጉትና ቁራጮቹን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፏቸው፤ ውኃው ነጣ የሚለው ስታርቹ ሲወጣ ነው።

መላሽ 3፦ ማንዶሊኑን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር አረፋ ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ ስለቱ አይታይምና። ወዲያው በብሩሽ ይጠቡት።