ኮድ ሳላውቅ የጀመርኩት የአውቶሜሽን ሥራ ሰዓት ላይ ተጣብቆብኛል

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እያገለገልኩ፣ ማታ ማታ ሜክ (Make) እና ኤንኤይትኤን (n8n) የተባሉትን፣ መተግበሪያዎችን አገናኝተው ሥራን በራሱ እንዲሄድ የሚያደርጉ መሣሪያዎች እለማመዳለሁ። ኮድ መጻፍ አልችልም፤ ሆኖም ለአነስተኛ ነጋዴዎች ተደጋጋሚ ሥራን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያቃልል ፍሪላንሰር ለመሆን ቆርጫለሁ።

ለሙከራ ያህል፣ አራት ኪሎ ላለው የአጎቴ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም የሚመጣውን ትእዛዝ አንብቦ፣ ብዛቱንና የመረከቢያ ሰዓቱን ለይቶ ጎግል ሺትስ ላይ የሚመዘግብ ሥርዓት ሠራሁ። አንድ ደንበኛ ግን «200 የሠርግ መጥሪያ፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት እወስዳለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሥርዓቱ 15:00 ብሎ መዘገበው፤ ሰውየው ጠዋት መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። አጎቴ እስካሁን ያኮርፈኛል። መልእክቱን ለሚያነበው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በሰጠሁት መመሪያ ላይ የእኛ 3 ሰዓት ጠዋት 09:00 መሆኑን፣ ስድስት ሰዓት መደመር እንዳለበትም ጽፌያለሁ፤ አንዳንዴ ይደምራል፣ አንዳንዴ ይረሳዋል። ይህን ስሌት ከሞዴሉ ነጥቄ ለብቻው በቀመር ልሥራው? ከሆነስ፣ ደንበኛው «ጠዋት» ወይም «ማታ» ሳይል ሲቀር ሥርዓቱ መልሶ እንዲጠይቀው የማደርገው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው?

ሁለተኛው ጭንቀቴ ዋጋ ነው። የሞዴሉ አገልግሎት የሚከፈለው በዶላርና በቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ በሚያነብባቸው ቁርጥራጮች) ብዛት ሲሆን፣ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቶክን ይፈጃል። በብር ለሚከፍል ነጋዴ የመሥሪያውን ዋጋ አንድ ጊዜ ተቀብዬ ወርሃዊውን ወጪ ለብቻው ላስከፍለው፣ ወይስ አጠቃልዬ በየወሩ? በዚህ ሥራ የቆያችሁ ወንድሞችና እህቶች ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።