አልፓይን ሊኑክስ፦ ኢሜጁን ላሳንስ ብዬ ጭራሽ ገዘፈብኝ

ሰርቨር_ጠባቂ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በፓይተን የተጻፈ፣ ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያዘጋጅ ሰርቪስ በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ጋር ኮንቴነር ውስጥ አሽጎ በሚያስነሣ መሣሪያ) አስነሣለሁ። የኢሜጁ (ኮንቴነሩ የሚነሣበት ጥቅል) መሠረት ደቢያን ስሊም የሚባለው ሊኑክስ ነበር። ባዶው የአልፓይን (የሌላ ትንሽ ሊኑክስ) ኢሜጅ 10 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም ሲባል ሰምቼ ቀየርኩት፤ ሦስት ነገር ገጠመኝ።

በ2 ደቂቃ ያልቅ የነበረው ቢልድ (ኢሜጁን የመሥራት ሂደት) አሁን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ኢሜጁም ከቀድሞው በለጠ። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሎግ ሰብሳቢ ፕሮግራም ደግሞ ቦታው ላይ ተቀምጦ እያየሁት «ኖት ፋውንድ» ይለኛል። ደረሰኙ ላይ እንግሊዝኛው በደንብ ይወጣል፤ አማርኛው ግን በሙሉ ባዶ ሳጥን ነው።

የዲስክ ቦታ እንደሆነ ርካሽ ነው። ታዲያ ሁሉን ነገር ይህን ያህል የሚቀንሱት ለምንድን ነው? ወደ ደቢያን ልመለስ ወይስ ይስተካከላል?

ባዶ_ማውጫ

ይስተካከላል። ሦስቱም ምንጫቸው አንድ ነው፦ አልፓይን ውስጥ ስሙን ያልጠራኸው ነገር አይገባም። ትንሽነቱ የዚህ ውጤት እንጂ ግቡ አይደለም።

የአልፓይን መሥራች ናታናኤል ኮፓ ሥራውን በ2005 ሲጀምር ኮንቴነርን አስቦ አልነበረም። መነሻው ሊፍ የሚባለው ፕሮጀክት ነው፤ ዓላማውም ራውተርና ፋየርዎልን የመሳሰሉ፣ ከራም ላይ የሚሠሩ መሣሪያዎች ነበሩ። የሲ ላይብረሪው (ፕሮግራሞች ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገሩበት መሠረታዊ ኮድ) በ2014 ከወጣው አልፓይን 3.0 ጀምሮ መስል ሆነ፤ ከዚያ በፊት ዩሲሊብሲ ነበር። ከ«ኤልኤስ» እስከ «ግሬፕ» ያሉትን የተለመዱ ትእዛዞች ቢዚቦክስ የሚባል፣ 1 ሜጋባይት የማይሞላ አንድ ፋይል ይሠራቸዋል። ባሽ የሚባለው ሼል (ትእዛዝ ተቀባይ)ም የለም፤ ያለው አሽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መስመራቸው ላይ ባሽን የሚጠሩ ስክሪፕቶችህ ባሽን እስክታስገባ አይነሡም።

አሁን ኮንቴነሩ ውስጥ ግባና በኢቲሲ ሥር ያለውን የኤፒኬ (የአልፓይን ፓኬጅ አስገቢና አስወጪ) ማውጫ ክፈት። «ወርልድ» የሚባል ፋይል ታገኛለህ፤ አዲስ ኢሜጅ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። «ኤፒኬ አድ» ስትል ስሙ እዚህ ይጻፋል፤ ከዚያ ኤፒኬ ይህን ዝርዝር የሚያሟሉትን ጥገኛ ፓኬጆች አስልቶ ያስገባል። «ኤፒኬ ዴል» ስትል መስመሩ ይሰረዛል፤ በእሱ ምክንያት ብቻ የመጡትም አብረውት ይወጣሉ። ደቢያን ላይ «አውቶሪሙቭ» እያልክ የምትጠርገው ትርፍ እዚህ አይጠራቀምም። ማሽኑ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፓኬጅ ለምን እንዳለ ከዚህ ፋይል ተነሥተህ መልስ መስጠት ትችላለህ። የደኅንነት ቀዳዳ ሲታወጅ የሚመለከትህን ከማይመለከትህ የምትለየው በዚህ ነው፤ ለእኔ ከሜጋባይቱ ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

የአማርኛው ሳጥንም ከዚሁ ነው። ደቢያን ላይ አንዱ ፓኬጅ «ይመከራል» በሚለው መንገድ ፎንቱን አብሮ አስገብቶት ይሆናል፤ ኤፒኬ ግን እንዲህ ያለ ምክር አይቀበልም። «ፎንትኮንፊግ» እና «ፎንት-ኖቶ-ኢትዮፒክ» የሚሉትን ጨምር። የፒዲኤፍ ላይብረሪህ ፎንቱን በፋይል አድራሻ የሚጠይቅ ከሆነ አድራሻውንም ስጠው።

ሊንከር_64

በቀሩት ሁለቱ ላይ ልጨምር።

«ኖት ፋውንድ» የተባለው ፕሮግራሙ አይደለም። በዳይናሚክ ሊንክ የተሠራ (ላይብረሪውን ሲነሣ ከውጭ የሚጭን) ፕሮግራም ሁሉ የሚያስነሣውን ሎደር አድራሻ ውስጡ ይዞ ይዞራል። ለግሊብሲ (ደቢያን ለሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ) የተሠራው «ኤልዲ-ሊኑክስ» የሚባለውን ይፈልጋል፤ አልፓይን ላይ ያለው «ኤልዲ-መስል» ነው። የጠፋው ሎደሩ ሆኖ ሳለ ሼሉ የሚነግርህ የፕሮግራሙን ስም ነው። ለማረጋገጥ «ፋይል» የሚባለውን ትእዛዝ አስገብተህ (እሱም አብሮ አይመጣም) «ኢንተርፕሪተር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን አንብብ። መፍትሔው ለመስል የተሠራ ወይም ስታቲክ የሆነ (ላይብረሪውን ውስጡ የያዘ) ቅጂ መፈለግ ነው። «ጂኮምፓት» የሚባል ማስታረቂያ አለ፤ ለትንሽ ፕሮግራም ያግዛል፣ ለከባድ ነገር ግን አልተማመንበትም።

የቢልዱ መዘግየትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ አስገቢ) «ማኒሊኑክስ» የሚል ምልክት ያላቸው ዝግጁ ፓኬጆች ለግሊብሲ ስለሆኑ ይዘላቸዋል። ለመስል የሚሆነው «መስልሊኑክስ» የመጣው በ2021 ነው። እሱን ካላገኘ ሶርሱን አውርዶ እዚያው ኮምፓይል ያደርጋል፤ ግማሽ ሰዓትህ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከሁሉ በፊት ፒፕህ ቢያንስ 21.2 መሆኑን እይ፤ ናምፓይንና ፓንዳስን የመሳሰሉት ዛሬ ዝግጁ ቅጂ አላቸው።

ኮምፓይል ማድረግ የግድ ከሆነ «ቢልድ-ቤዝ»ን (የኮምፓይለሩን ጥቅል) «ቨርቹዋል» በሚለው አማራጭ አንድ የጋራ ስም ሰጥተህ አስገባ፣ ፒፕን አስኪድ፣ በዚያው ስም መልሰህ አስወጣ። ሦስቱም በዶከርፋይልህ (የኢሜጁ አሠራር በተጻፈበት ፋይል) በአንድ «ረን» መስመር ውስጥ መሆን አለባቸው። በሌላ «ረን» ብታስወጣው ኢሜጁ አንድ ባይት አይቀንስም፤ ኮምፓይለሩ በታችኛው ሌየር (እያንዳንዱ «ረን» በሚፈጥረው ንብርብር) ውስጥ እንዳለ ይቀራልና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ቀጥሎ ባለው ነው፦ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪው የገባው ከኮምፓይለሩ ጋር ስለሆነ ሲወጣም አብሮት ይወጣል፤ ቢልዱ ያለ ስሕተት ያልቅና ሰርቪሱ ሲነሣ ይወድቃል። «ሊብኤስቲዲሲ ፕላስ ፕላስ»ን ለብቻው በስሙ ጥራው።

ሰርቨር_ጠባቂ

እጅግ አመሰግናለሁ። ፎንቱ ተስተካከለ፤ ፒፑም ያረጀ ነበር፣ አሁን ቢልዱ 1 ደቂቃ አካባቢ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር፦ በውስጥ ኔትወርክ ያለውን የዳታቤዝ ስም አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ «የለም» ይላል። ዲኤንኤሱ (ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰው) ላይ መጀመሪያ የውስጡ፣ ሁለተኛ የውጭ አድራሻ ነው የተጻፈው።

ባዶ_ማውጫ

ሁለተኛውን አውጣው። ግሊብሲ አድራሻዎቹን በተራ ይጠይቃል፤ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው የመጀመሪያው ዝም ሲል ነው። መስል ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠይቆ የቀደመውን መልስ ይወስዳል። የውጭው ቀድሞ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ካለ ነገሩ አለቀ። የውስጡ ሰርቨር ብቻ ይጻፍ፤ የውጭ ስሞችን እሱ ራሱ ይጠይቅልህ። ከ3.18 የቆየ አልፓይን ከሆነም አሳድገው፤ መስል ለረጅም የዲኤንኤስ መልስ በቲሲፒ መጠየቅ የጀመረው ከ1.2.4 ወዲህ ነው።

ሊንከር_64

ፓይተንህ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) የሚጠቀም ከሆነ ይህንንም እይ። መስል ለአዲስ ትሬድ የሚሰጠው ስታክ (ለፋንክሽን ጥሪዎች የሚያዝ ሜሞሪ) 128 ኪሎባይት ነው፤ ግሊብሲ ላይ የተለመደው 8 ሜጋባይት ነው። ራሱን እየደጋገመ የሚጠራ ጥልቅ ፋንክሽን ትሬድ ውስጥ ካለ ያለ ምንም መልእክት «ሴግፎልት» ብሎ ሊሞት ይችላል። ትሬዱ ከመነሣቱ በፊት «ትሬዲንግ» ሞጁል ውስጥ ባለው «ስታክ-ሳይዝ» መጠኑን ከፍ አድርግ።

መስል የየቋንቋውን የፊደል ቅደም ተከተል አያውቅም፤ በኮድ ቁጥር ብቻ ይደረድራል። ለአማርኛ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ በዩኒኮድ ፊደላችን የተሰለፈው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ስለሆነ የስም ዝርዝር በሼል ስትደረድር ተራው አይዛባም። «ሀይሉ» እና «ኃይሉ» ግን ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ እሱን በራስህ ኮድ ማስታረቅ አለብህ።

በመጨረሻ፣ ዶከርፋይልህ ላይ የፓኬጅ ቨርዥን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አትሰር። የአልፓይን ማከማቻ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚይዘው የቅርቡን ብቻ ነው፤ ማሻሻያ በወጣ ማግሥት የድሮው ይነሣና ቢልድህ ይሰበራል። የመሠረት ኢሜጁን ቅርንጫፍ አስረህ ፓኬጁን በዋናው ቁጥር ብቻ ወስነው፤ ማከማቻውን ደግሞ ከ«ኤጅ» (ገና በሙከራ ላይ ካለው ቅርንጫፍ) ጋር አታደባልቅ።