የሳሌሚ የቅዱስ ዮሴፍ ማዕድ፦ ለ20 ሰው ምን ያህል ይሠራ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲሲሊ፣ ሳሌሚ ውስጥ ለመጋቢት 10 (ማርች 19) የቅዱስ ዮሴፍ ማዕድ ምግቡን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ማዕዱ ላይ የሚቀመጡት ዮሴፍን፣ ማርያምንና ኢየሱስን የሚወክሉት ሦስቱ ልጆች ናቸው፤ ቆሞ የሚቀምሰው ግን 20 ሰው ይሆናል። ጿሚ ኦርቶዶክሶችም አሉበት። የባቄላው ማኮ (ወፍራም የክክ ሾርባ)፣ ፓስታውና ስፊንቹ (ተጠብሶ በአይብ የሚሞላው ጣፋጭ) መጠናቸው ስንት ነው? ዳቦውስ?

ጋጋሪ፦
ከዳቦው ጀምሪ፤ ሳሌሚን ሳሌሚ የሚያሰኘው እሱ ነው። ከእንጨትና ከሸምበቆ የሚቆመው መሠዊያ በባርሰነትና በሎሬል ቅጠል ይሸፈናል፤ ብርቱካን፣ ሎሚና ትናንሽ ቅርጽ ያላቸው ዳቦዎች ይንጠለጠሉበታል። ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፦ ለዮሴፍ በትር፣ ለማርያም ዘንባባ፣ ለኢየሱስ ክብ። ለጌጡ 1 ኪሎ ደቃቅ የዱረም ስንዴ ዱቄት በ450 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠንከር አድርገሽ አቡኪ። ሊጡ ከላላ አበባውና ወፉ ምድጃ ውስጥ ይነፋና መልኩ ይጠፋል። እርሾ አታብዢ፤ ይሰነጣጠቃል። ከመጋገሩ በፊት በእንቁላል ቅቢው።

የማጀት ሰው፦
ማኮ፦ 1.2 ኪሎ የባቄላ ክክ፣ ወደ 4 ሊትር ውሃ፣ አንድ ትልቅ እስር የዱር እንስላል። ውሃው ፈልቶ አረፋው እስኪገፈፍ ድስቱን አትክደኚ፣ ይገነፍላል። ከዚያ በዝግተኛ እሳት 2 ሰዓት ያህል። መጨረሻ ላይ ቶሎ ከታች ስለሚይዝ ማማሰያው ከእጅሽ አይለይ። ጨው ሲበስል፣ የወይራ ዘይት ከወረደ በኋላ። የተረፈው ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በማግስቱ ተቆርጦ ይጠበሳል፤ እኔማ ከትኩሱ እሱን አስበልጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አትዝለይ፦ ፋቪዝም ያለበት ሰው ባቄላ ቢበላ ደሙ ሊጎዳ ይችላል፤ ሲሲሊ ውስጥ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ከመቅረቡ በፊት እንግዶቹን ጠይቂ።

ፓስታ፦ 1.6 ኪሎ። 400 ግራም የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በጥቂት የወይራ ዘይት፣ በሰፊ መጥበሻ፣ በቀስታ ቁይው። የአናጺው የዮሴፍ የእንጨት ብናኝ ምሳሌ ነው ይባላል። ስኳሩንና ቀረፋውን ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ጨምሪ፤ እሳት ላይ ከሆነ ስኳሩ ይቃጠላል። ፍርፋሪውን ከፓስታው ጋር የምታገናኚው ሊቀርብ ሲል ነው፤ ቀድመሽ ካዋሃድሽው ውሃ ጠጥቶ ይላቁጣል። አይብ አይነሰነስበትም።

ጣፋጭ ሠሪ፦
ለስፊንች (25 ገደማ ይወጣል)፦ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ 140 ግራም ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው፣ 300 ግራም ዱቄት፣ 8 መካከለኛ እንቁላል። ውሃውና ቅቤው ሲፈላ ዱቄቱን በአንዴ ጨምረሽ ከድስቱ ጎን እስኪላቀቅ አማስዪ። ለብ ሲል እንቁላሉን አንድ በአንድ። ስምንተኛውን ቶሎ አትስበሪ፤ ሊጡ ከማንኪያ በዝግታ የሚወርድ ከሆነ ይበቃል። ከቀጠነ ይዘረጋል እንጂ አይነፋም። ዘይቱ 170 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ ሲያልፍ ውጪው ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ቶሎ ከወጣም ይሟሽሻል፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ታገሺው። መሙያው 1 ኪሎ የበግ ሪኮታ (ከወተት አጓት የሚሠራ ለስላሳ አይብ) እና 300 ግራም ስኳር፤ ሪኮታው ፍሪጅ ውስጥ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ያድር፤ ውሃው ካልተንጠፈጠፈ ይፈስሻል። ላዩ ላይ ፒስታቹና በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ።

ገዳሙ፦
ለጿሚዎቹ፦ መጋቢት 10 ሁሌም በእኛ በኦርቶዶክሶች ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ማኮውና ፓስታው ይሆኑላቸዋል (ደረቁ ፓስታ እንቁላል እንደሌለው ማሸጊያውን እዪ)። ስፊንቹና እንቁላል የተቀባው ዳቦ አይሆኑም፤ ሰርዲን ያለበት ፓስታ ካለም ለብቻው ይቀመጥ። ማዕዱ ላይ ሥጋ የለም፤ ያ ግን የቦታው ልማድ ነው። በላቲን (በካቶሊክ) ሥርዓት በዓሉ ዓርብ ቢውል እንኳ ከሥጋ መከልከል ግዴታ አይደለም። ቀኑንም አረጋግጪ፦ በካቶሊኮቹ ጾም እሑድ ሲውል ቅዳሴው ወደ ሰኞ ይዛወራል፤ 2023 ላይ ማርች 20 ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፊንቹን በዋዜማው ጠብሼ ላሳድር?

ጣፋጭ ሠሪ፦
አይሆንም፣ ይጎለድማል። በዋዜማው ሪኮታውን ከስኳሩ ጋር አዘጋጂ፤ ጠዋት ጥበሺ፣ ሙሊቱን ልጆቹ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ጀምሪ።