ወንድሜ ሳይጠየቅ ልፈርምለት?

የሂርማታዋ፦ ጅማ ነን። ወንድሜ በድብርት ምግብ ከተወ ሰነበተ። ሐኪሙ የኤሌክትሪክ ሕክምና፣ ማለትም አንጎል ላይ በኤሌክትሪክ የሚሰጠውን፣ አዘዘለት። ኮሪደር ላይ ወረቀት ሰጥተውኝ «እዚህ ጋ ፈርሚ» አሉኝ። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቤ ተቀምጧል። ማንም አልጠየቀውም። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ። አጠፋሁ?

ነርስ ነኝ፦ አላጠፋሽም እህቴ። ግን ሕክምናውን አትፍሪው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ያለ ነው። ዛሬ በማደንዘዣና ጡንቻ በሚያላላ መድኃኒት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ዙር። ምግብ ለተወ ሰው ደግሞ ቶሎ ይደርስለታል። ስለዚህ አትቆዩ። ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ፣ ሕክምናው ሊያመጣ ስለሚችለው መርሳትም ጠይቂ። እሱም ይስማ።

የቆጪ ልጅ፦ እናቴ ወስዳ ተሽሏታል። የእህቴን ሠርግ ግን አታስታውስም። ቀድመው ቢነግሩን ያን ያህል ባልደነገጥን።

የሂርማታዋ፦ ነገ በጠዋት እንመለሳለን። ዛሬ ማታ እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ።